የአስተማሪው ቆጮ

ዘርፈሽዋል እንሰት መፋቅ አታውቅም ነበር። በባሏ መንደር ሴቶች ዓይን ይህ መራመድ ከማይችል ሰው እኩል ያስቆጥር ነበር። እሷ ምን ታድርግ? አዲስ አበባ ገበያ ዳር ነው የተወለደችው። ጨርቅ ነጋዴው አባቷ ለወንድሟ የቀጠሩትን የፊደል መምህር ከመጋረጃ ጀርባ ሆና እያዳመጠች፣ ወንድሟ ገና መልእክተ ዮሐንስ ላይ ሲንገዳገድ እሷ ዳዊት ደግማ ጨርሳለች። አባቷ ሲሰሙ መሳቅም መቆጣትም አቃታቸው። እንሰትን ግን እስከ ሃያ ሁለት ዓመቷ የምታውቀው ኮባው ዳቦ ሲጋገርበት ብቻ ነው።

ወደ ገጠር የወጣችውም ወዳ አይደለም። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት ወር፣ ጣሊያን አዲስ አበባን ሦስት ቀን ሙሉ በደም ሲያጥባት፣ ወንድሟ ወልደአማኑኤል ለጎረቤት መድኃኒት ሊያመጣ እንደወጣ ቀረ። ሬሳውን እንኳ አላገኙትም። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እየተፈለገ የሚለቀምበት ጊዜ ነበር፤ ባሏ ደበሌ ደግሞ የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ካፖርቱን ለበሰ፣ እሷ ነጠላዋን አጠለቀች፣ ሁለት መጽሐፍ በዳቦ መሀል ጠቅልለው በእግራቸው ወጡ። ጥያን አልፈው፣ ከቡታጅራ ገበያ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ያለችው የደበሌ አባት መንደር ሲደርሱ የዘርፈሽዋል እግር አብጦ ጫማዋ በቢላ ተቀደደ።

የአባቱ ቤት አልፈረሰም። የእንሰት ጓሮው ግን ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ የሚንከባከበው አጥቶ፣ ትልልቁ አልቋል፣ የቀረው ከወገብ አይበልጥም። እንሰት ደግሞ ስለቸገረህ ቶሎ የሚደርስልህ ተክል አይደለም። አምስት ስድስት ዓመት ቁጭ ብለህ ትጠብቀዋለህ። ደበሌና ዘርፈሽዋል የሚጠብቁበት ጉልበት እንጂ እስከዚያ የሚበሉት ነገር አልነበራቸውም።

ያን ዓመት ለመስቀል ከየከተማው የገቡትም እዚያው ያሉትም ወንዶች ከመንደሩ ትልቅ ዝግባ ሥር ተሰበሰቡና መላውን አገኙት። አገሩ በጠላት እጅ ነው፣ ልጆቹ እንደ ከብት ሜዳ ላይ ሊያድጉ ነው፣ የተማረ ሰው ደግሞ እግዜር ራሱ እዚሁ ደጃፋቸው ድረስ አምጥቶላቸዋል። ጋሽ ዱባለ፣ የመንደሩ አንደበት የሚባሉት፣ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሡ።

“የኔታ ደበሌ ልጆቻችንን ያስተምርልን። እኛ ደግሞ ሃያ ሦስት ቤት ነን፤ ከየቤቱ በየወሩ አንድ አንድ ጥቅል ቆጮ ይገባለታል። ቃል ነው!”

“ቃል ነው!” አሉ ወንዶቹ ሁሉ። ደበሌ እንባው መጣ። ዘርፈሽዋል ከአጥሩ ኋላ ሆና ሃያ ሦስቱን ጥቅል በልቧ ደርድራ፣ ትርፉን ገበያ አውጥታ ሸጣ፣ ለምትወልደው ልጅ አቡጀዴ ገዝታ ጨረሰች።

ትምህርቱ በማግስቱ ተጀመረ። ወረቀት የለም፤ ቢኖርም ጣሊያን ወረቀት የያዘ ልጅ ካየ አባቱን ነው የሚጠይቀው። ደበሌ ግን ብልሃተኛ ነው። ከጓሮው የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ለየልጁ እየሸነሸነ ሰጠ፤ ልጆቹ በእሾህ ጫር ጫር ሲያደርጉበት ጽሕፈቱ ጠቁሮ ይወጣል። ባንዳ መጣ ከተባለ ትምህርቱ በሙሉ ለላሞች ይጣላል። ላሞቹም በአንድ ዓመት ውስጥ ፊደል ገበታውን፣ መደመርና መቀነሱን፣ የዓለምን ወንዞች በላይ በላዩ በሉት። ችግሩ ቅጠል ሲያድር መጠውለጉ ነው። ትናንት የተጻፈው ዛሬ አይነበብም፤ ስለዚህ ደበሌ ለሠላሳ አንድ ልጅ በየማለዳው እንደገና ይጽፋል። ጎህ ሲቀድ የጀመረ እኩለ ቀን ላይ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቤቱታ የሚያስጽፈው፣ ደብዳቤ የሚያስነብበው፣ የርስት ክርክሩን የሚያማክረው ሰው ደጁን ይሞላዋል። ለዚህ ማንም ምንም አይከፍልም። “አንደበት ነው እንጂ ምን ያልቅብሃል!” ይሉታል፣ እየመረቁ።

ሠላሳ አንዱን አንድ ሰው እንደማይችላቸው ዘርፈሽዋል በሁለተኛው ሳምንት ገባት። አሥራ ስምንቱ ገና አፍንጫቸውን መጥረግ የማያውቁ ናቸው። እነሱን ወደ አጥሩ ጥግ ወስዳ ሀ ሁ ማስቆጠር ጀመረች፤ ልጇ አበባ ከተወለደች በኋላም በጀርባዋ አዝላት ታስቆጥራለች። የሚያለቅሰውን ታባብላለች፣ የሚማታውን ትገላግላለች፣ እሾሁን በግራ እጁ የጨበጠውን ወደ ቀኝ ታዞርለታለች። አንዱ ልጅ “መ”ን ለመያዝ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲይዘው ተነሥታ እልል አለች። እንዲህም ሆኖ ምን ትሠሪያለሽ ብትባል “ምንም፣ ደበሌን አግዘዋለሁ” ነው መልሷ።

ቆጮው ግን የት ገባ?

በመጀመሪያው ወር ዘጠኝ ጥቅል መጣ። በሁለተኛው አራት። በሦስተኛው አንድ፣ እሱም የሻገተ። ከዚያ በኋላ ዝናብ እንደጠረገው መንገድ ጭር አለ። ደበሌ ከአፉ ክፉ ቃል የሚወጣው ሰው አይደለም፤ ልጅ “ጠ”ን ሲስት ነው እንጂ ሰው ቃሉን ሲስት መቆጣት አልለመደም። ዘርፈሽዋል ናት በየጊዜው ገፍታ ወደ ጋሽ ዱባለ የምትልከው።

“ምን አሉህ?”

“ይመጣል አሉ።”

“መቼ?”

“መሬት መሬት እያዩ ነው ያሉኝ፤ አልጠየቅኳቸውም።”

“እኔ ብሆን ግን እጠይቃቸው ነበር!” ትላለች። እሱ ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። ጎመን ብቻ እየበሉ ክረምቱን ከረሙ። የአበባ ጉንጭ ሟሸሸ፣ የእናቲቱ ጡት ሳሳ። ዘርፈሽዋል ስለዚህ ነገር በማሰብ ብቻ ጥርሷን ታፋጫለች። ሃያ ሦስት ወንድ፣ ባለ ዘንግ፣ ባለ ጢም፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ በእግዜር ፊት የገባውን ቃል ቁርጥም አድርጎ በላ! ልጁ ደግሞ በየማለዳው መጥቶ ከእጇ ቅጠል ይቀበላል። ልጁ ምን በወጣው? ትቀበለዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ታስተምረዋለች። አባቱን ግን በልቧ በየቀኑ ትገርፈዋለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በበቅሎ አንድ ሰው መጣ። ያረጋል ይባላል፤ የወልቂጤ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ከደበሌ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተምሯል። አሁን ቡታጅራ ለተቀመጠው የጣሊያን ሹም አስተርጓሚ ሆኗል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበቅሎው ሲወርድ ደበሌን አቅፎ ሳመው፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ማሳረፊያ አጥቶ ጫማውን አየ። ጫማው አዲስ ነበር።

“ሹሙ ትምህርት ቤት ሊከፍት ነው” አለ። “ከአገሬው ሰው አስተማሪ ይፈልጋል። እኔ ያንተን ስም ሰጥቻለሁ። ደመወዙ በሊሬ ነው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እጅህ ላይ ይቆጠርልሃል። በዚያ ላይ አንድ ጆንያ ፉርኖ ዱቄት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ጫማ።”

“ምንድን ነው የማስተምረው?” አለ ደበሌ።

“እንግዲህ… የጣሊያን ቋንቋ፣ ትንሽ ቁጥር። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው እጃቸውን ዘርግተው ለጣሊያን ንጉሥ ይዘምራሉ። ከዚያ ያለፈ ትምህርት አይፈለግም። ሰው የታዘዘውን እንዲሰማ ነው እንጂ…” ያረጋል ቃሉን አልጨረሰውም። “ለማንኛውም መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን መልስህን ልወስድ እመጣለሁ።”

በቅሎዋ ከኮረብታው እስክትሰወር ዘርፈሽዋል ባሏ “አልሄድም” ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም።

“ልትሄድ ነው?” አለችው።

“ልጄ ጎመን ሰልችቷታል፣ ዘርፌ።”

“ወንድሜን የገደለ እጅ ነው የሚከፍልህ! ልጆች ደርድረህ እጃቸውን ታስዘረጋቸዋለህ? በየትኛው ዓይንህ አይተህ?”

ደበሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰውዬ ያን ዕለት ከፍ አደረገ። “እኔንም ያመኛል እኮ! ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጣሊያን እንኳ አስተማሪ የሚበላ ፍጡር እንደሆነ ያውቃል። የገዛ ወገኔ ግን አንደበት ምን ያልቅበታል ይለኛል። ዓመት ሙሉ ምን አልቆብኝ እንደሆነ የጠየቀኝ አንድ ሰው አለ?”

 ዘርፈሽዋል እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። እሷም ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነው። አበባን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና፣ “እስከ መስቀል ሦስተኛው ቀን ጊዜ ስጠኝ” አለችው። “ቆጮህን አመጣዋለሁ። ካላመጣሁ እኔ ራሴ ዕቃህን እሸክምልሃለሁ።”

ሐሳቧ ቀላል ነበር። እሑድ ወንዶቹ ከዝግባው ሥር ሲቀመጡ መሀላቸው ገብታ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራች ልታዋርዳቸው ነው። የሚመጣው ይምጣ! የሚወረወረውን ዘንግ ሁሉ ለመቀበል ቆርጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጋሽ ዱባለ ቤት የሄደችውም ነገ የምትለውን ለሚስታቸው ለእማማ አደይ አስቀድማ ለመንገር ነበር። አሮጊቷ በደጅ ባለፈች ቁጥር ጤንነቷን ይጠይቋታልና፣ በባላቸው ላይ ሳያውቁት መነሣት ነውር መስሎ ታያት።

እማማ አደይ ቤት የሉም። ከጓሮው የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ለመስቀል የሚወጣውን ቆጮ ለመተካት ሰባት ስምንት ሴቶች ተጠራርተው እንሰት ይፍቃሉ። ይህ ቦታ ወንድ ድርሽ የማይልበት ነው፤ ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው የእንሰቱን ልጥ ከዘንባላው ሳንቃ ጋር በተረከዛቸው ይዘው፣ ጭናቸው እስኪታይ ልብሳቸውን ሰብስበው ነው የሚሠሩት። ዘርፈሽዋል ዓመት ተኩል በመንደሩ ስትኖር እዚህ ገብታ አታውቅም። አልችልም ብላ ታፍር ነበር።

“ዘርፌ! መንገድ ጠፍቶሽ ነው?” አሏት እማማ አደይ። “በይ ቁጭ በይ። ቆሞ የሚያየን ሰው አንወድም።”

ተቀመጠች። የቀርከሃውን መፋቂያ አስያዟት። እግሯን ብትሰቅል ልጡ አዳልጦ አፍንጫዋን መታት። እንደገና ብትሞክር ራሷ ወደ ኋላ ተገለበጠች። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከመስካን ወዲህ ያለው ሰፈር ነዋሪ የሆነችው ከድጄ፣ የጎረቤት ውለታዋን ልትመልስ የመጣች፣ “ወላሂ፣ እንሰቱ ነው እሷን የሚፍቃት!” አለች። ጭማቂው እጇን ያሳክካታል፣ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ዘርፈሽዋል ግን መፋቂያውን አልለቀቀችም። አንድ ልጥ፣ በጭንቅ፣ ግማሽ በግማሽ ፈቀች። ከዚያ ሳቃቸው ጋብ ሲል ስንት ወር ያመቀችው ነገር ፈንድቶ ወጣ።

“ነገ ባሎቻችሁን ላዋርዳቸው ነው፤ በኋላ አልነገረችንም እንዳትሉ! ዓመት ሙሉ ደበሌ ልጆቻችሁን ሲያስተምር የተባለውን ቆጮ አላገባችሁለትም። ቃል አልተገባም? በየወሩ ከየቤቱ አልተባለም?”

መፋቂያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆሙ።

“የምን ቃል?” አሉ እማማ አደይ።

ዘርፈሽዋል ነገረቻቸው። ዝግባውን፣ ዘንጉን፣ “ቃል ነው!” የተባለውን ሁሉ። ስትጨርስ እማማ አደይ መፋቂያቸውን አስቀመጡ።

“ዱባለ? የኔ ዱባለ ነው ቆጮ ቃል የገባው?”

“አዎ፣ እሳቸው ናቸው አስቀድመው የተነሡት።”

“ለመሆኑ ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቀዋል?”

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። ዘርፈሽዋል አልገባትም፤ እንደ እብድ ነው ያየቻቸው። ከድጄ እንባዋን እየጠረገች አስረዳቻት። እንሰቱን ወንድ ይተክላል፣ ወንድ ያዛውራል። ከተፋቀ በኋላ ግን፣ ጉድጓድ ከገባ፣ የሴት ነው። መቼ እንደሚከፈት፣ ስንት እንደሚወጣ፣ ለማን እንደሚሰጥ የምታዝዘው እሷ ናት። ወንድ የሚስቱን ጉድጓድ ከፈተ ከተባለ እስከ ልጅ ልጁ ይሳቅበታል። ሃያ ሦስቱ ጎበዞች የሞቅታ ነገር ሆኖባቸው የማያዙበትን ቃል ገቡ፤ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ “የአንቺን ቆጮ ሳልጠይቅሽ ሰጠሁ” ማለት አፈሩ። በመጀመሪያው ወር አንዳንዱ “እንግዳ መጣብኝ” እያለ ለምኖ ያመጣው ነው ያ ዘጠኝ ጥቅል። ከዚያ እንግዳውም አለቀ።

“እኛማ የከተማ አስተማሪ ደመወዙ ከከተማ ይመጣለታል ብለን ነው” አለች አንዷ።

“ማን ጠየቀን?” አሉ እማማ አደይ፣ አሁን ሳይስቁ። “አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ጠይቆናል?”

ዘርፈሽዋል ፊቷ ጋለ። ዓመት ሙሉ ስትናደድ የተሳሳተ ደጅ ነበር ስታንኳኳ የኖረችው። “እንግዲያው አሁን እኔ ጠየቅኳችሁ” አለች።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጠና ያለች ሴት መፋቂያዋን አንሥታ ወደ ዘርፈሽዋል አመለከተች። “እኔ አልዋሽም። ይሄ ሥራ ነው፤ ወገቤን ተመልከችው። ጥላ ሥር ተቀምጦ ማውራት ግን ሥራ ነው? ቆጮ የሚያስከፍል?”

ከድጄ ቀደመቻት። “የኔ ባል ጅማ ነው ያለው፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ሲመጣ ገበያ ወስጄ ሰው እለምን ነበር፤ የባሌን የናፍቆት ቃል ባዕድ ሰው ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ዙሪያዬን የቆመው ይስቃል። ዘንድሮ ልጄ ሙስተፋ ቤቴ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ አነበበልኝ። አልሃምዱሊላህ! የባሌን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሰማሁ። ይሄ አይከፈልበትም ካላችሁ እኔ አልስማማም።”

“ደስ ይበልሽ፤ የሥራውን ክብደት ግን አልነገርሽኝም” አለች ባለ መፋቂያዋ።

“መጥታችሁ እዩት” አለች ዘርፈሽዋል። ከመሬት ተነሥታ ነበር፤ እጇ ላይ የተጣበቀውን እንሰት እንኳ አልጠረገችም። “እኔ እዚህ መጥቼ የእናንተን ሥራ ቀምሻለሁ። ከእናንተ አንዷ ትምጣና የደበሌን ትይ። ጎህ ሲቀድ መጥታ እኩለ ቀን ትሂድ። ከዚያ በኋላ ሥራ አይደለም ካለች አፌን እይዛለሁ።”

እሑድ ዘርፈሽዋል ወደ ዝግባው ሳትሄድ ቀረች፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እማማ አደይ ራሳቸው መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከወገባቸው ሁለት ክር ቃጫ መዝዘው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የዚያ አገር ሴቶች ተጠራርተው ሲፍቁ ውለታ የሚይዙት እንዲህ ነው፤ አንዲት ሴት አንድ እንሰት ፍቃ በጨረሰች ቁጥር በቃጫው ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጠርላታል፤ ቋጠሮ ደግሞ አያዳላም። ዘርፈሽዋል ሁለተኛው ክር የመጀመሪያው ቢሞላ የሚቀጠል መስሏት ብዙም አላሰበችበት። የምታስበው ደበሌን ነበር። ዛሬ እንኳ ጮክ ብሎ ያስተምር እንደሆነ፣ ዛሬ እንኳ እንዳያስነጥሰው፣ እንዳይደክመው እያለች በዓይኗ ጥግ ትከታተለዋለች። የራሷን አሥራ ስምንት ልጆች እንደ ሁልጊዜዋ አስቀመጠች፤ ቅጠል ቆረጠች፣ ጻፈች፣ አፍንጫ ጠረገች፣ ሁለት የተደባደቡ ለየች፣ አንዲት “ረ” ያስቸገረቻትን ልጅ እጇን ይዛ ሠላሳ ጊዜ አስጻፈች። አበባ በጀርባዋ ላይ አለቀሰች፤ እያወዛወዘች አስተማረች።

እማማ አደይ እስከ እኩለ ቀን ከድንጋዩ አልተነሡም። ሲጨርሱ ሁለቱን ቃጫ ጠቅልለው ወገባቸው ውስጥ ከተቱና፣ “ደህና ዋሉ” ብለው ሄዱ። 

መስቀል መጣ። ደመራው ነደደ፣ በሬው ታረደ፣ ከየከተማው የገባው ወንድ ጠጥቶ ዘፈነ። ጎረቤት ሁሉ ጠርቷቸው ክትፎና ቆጮ በሉ፤ አበባ እንኳ ጣቷን በቅቤ ነክራ ላሰች። ስለ ሥራው ግን ማንም አንዲት ቃል አላነሣም። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደበሌ ካፖርቱን ከግድግዳው አውርዶ አራገፈው።  ዘርፈሽዋል የገባችውን ቃል አላጠፈችም፤ ሁለቱን መጽሐፍ በነጠላዋ ቋጠረች።  ቡታጅራ ብወርድም ልጅ ተሰልፎ እጁን ሲዘረጋ አላይም፤ በር ዘግቼ እቀመጣለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

ያረጋል ከበቅሎው ወርዶ፣ “እሺ ደበሌ፣ ምን ልበል?” ብሎ ገና ሳይጨርስ፣ ከኮረብታው ሥር የሴቶች ድምፅ ተሰማ።

ሃያ ሦስቱ ቤት ሃያ ሦስት ሴት ልኳል፤ ከድጄ ስትጨመር ሃያ አራት። ጀርባቸው በኮባ በተጠቀለለ ቆጮ ጎብጧል። ከፊት እማማ አደይ፣ ከኋላ ያቺ “ሥራ ነው ወይ?” ባይ ሴት። ጋሽ ዱባለና ሌሎቹ ወንዶች በሩቁ ይከተላሉ፤ ዘንጋቸውን የያዙት እንደ ምርኮኛ ነው። ሴቶቹ ደጃፉ ላይ ሸክማቸውን አወረዱ። እያንዳንዷ ሁለት ጥቅል ነው ያመጣችው፤ አንዱን በስተቀኝ፣ አንዱን በስተግራ አኖረች። ሲያበቁ ሁለት እኩል ክምር ሆነ።

ደበሌ ካፖርቱን እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ ቀዩን ጎህ መሰለ። ወደ ያረጋል ዞረና፣ “ሥራ እንዳለኝ ንገርልኝ” አለ። “ከዚህ የምለቅበት ጊዜ የለኝም በልልኝ።”

“ሹሙ ይቆጣል” አለ ያረጋል ቀስ ብሎ።

“ቤቴን ያውቀዋል።”

 ዘርፈሽዋል ቀኙን ክምር አየች፣ ግራውን አየች። “እማማ አደይ፣ ይሄኛው የሚመጣው ወር ነው? ጉድጓዳችሁን ባዶ አስቀራችሁት እኮ!”

እማማ አደይ ከወገባቸው ሁለቱን ቃጫ አወጡ። ቋጠሮ በቋጠሮ ሆነዋል። “ይህ የየኔታ ነው” አሉ ቀኙን አንሥተው። “ይህ ደግሞ ያንቺ። አንዱን ልጅ አንድ ነገር ባስያዛችሁ ቁጥር አንድ ቋጠርኩ። ያንቺ በስድስት ይበልጣል፤ ግን ባልሽን እንዳናሳፍረው ብለን እኩል አደረግነው።”

“የኔ? እኔ እኮ… እሱን ማገዝ ነው እንጂ…”

“ልጄ፣ አንቺ ጓሯችን ድረስ መጥተሽ ስለ እሱ ተሟገትሽ፤ ጎበዝ። ስለ ራስሽ ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። የእኛ ወንዶች የእኛን ሳይጠይቁን ሰጡ። አንቺ ደግሞ የራስሽን ራስሽ ሳትጠየቂ ሰጥተሽ ተቀመጥሽ። ማን ይሻላል?”

ያቺ ጠና ያለችው ሴት ከኋላ፣ “ያ ‘መ’ አልገባው ያለ ልጅ የኔ ነው” አለች። “ነግሮኛል፤ እልል ብለሽለታል።”

 ዘርፈሽዋል ዓመት ሙሉ ባሏ ተበደለ እያለች ስትቃጠል፣ እጥፍ የተበደለች ሌላ አስተማሪ በዚያው ቤት ትኖር እንደነበር አንድም ቀን አልታያትም። ማንም አልሸሸጋትም፤ ራሷ ናት የሸሸገቻት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሴቶቹ ጠበቋት። ሲበቃት ተነሥታ ነጠላውን ፈታች፤ ሁለቱን መጽሐፍ አውጥታ ወደ ቦታቸው መለሰች።

“ነገ መጥተን ጉድጓድሽን እንቆፍርልሻለን” አሉ እማማ አደይ። “ይህ ሁሉ ቆጮ ደጅ አይከርምም። መፋቅም ትማሪያለሽ፤ እኛ ደግሞ ማታ ማታ ሥራ ሲቀለን ያንን የእሾህ ጽሕፈት ታሳዪናለሽ። እሱም በቋጠሮ ነው።”

ያረጋል በቅሎውን ፈትቶ ሊወጣ ሲል ቆጮውን ዞር ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ወልቂጤ ያሉት እናቱ ትዝ ብለውት ይሁን፣ ፉርኖው ሰልችቶት ይሁን፣ ምራቁን ሲውጥ ሁሉም አዩት።

“እንዲሁ አትሂድ፤ ትንሽ ቆጮ ይዘህ…” አለ ደበሌ፣ እጁን ወደ ክምሩ ዘርግቶ። ከዚያ አንድ ነገር እንደነከሰው ሁሉ ቆመ። እጁን ሰበሰበ፤ ሃያ አራቱንም ሴቶች አየ፣ ጋሽ ዱባለን አየ፣ ወደ ሚስቱም ዞረ። “ዘርፌ፣ ትሰጭዋለሽ ወይ?”

አሰበችበት። የጣሊያን እንጀራ የሚበላ ሰው ነው። ግን ከበቅሎው ሲወርድ ደበሌን አቅፎ የሳመም ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ለሹሙ የማይጥመውን ቃል ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ቢላዋዋን አመጣች። ደበሌ ቀኙን ክምር፣ የራሱን፣ ገፋ አደረገላት።

“ተወው” አለች። “ከእኔኛው እቆርጣለሁ።”